ሠላሳ አንድ ስልቻ ጠጠር

ተረት ልንገራችሁ። «የላም በረት» ብላችሁ ግን አትቀበሉኝ። እዚያ አገር ነገር የተበላሸው ሰው ሳይሰማ መመለስ ስለ ለመደ ነው። ዝም ብላችሁ ስሙኝ፤ እኔም ብዙ አላወራም።

አገሩ ስም ነበረው። በስሙ ላይ ስምምነት ስላልነበረ አልጠራውም። አንድ ትልቅ ገደል መሃል ለመሃል ሰንጥቆታል። የወዲህ ማዶና የወዲያ ማዶ ሰዎች አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፣ አንድ ዓይነት ወጥ ይበላሉ፣ በአንድ ቀን ዘመን ይለውጣሉ። በሌላው ሁሉ አይስማሙም። ገደሉ ላይ የገመድ ድልድይ ተዘርግቷል። የወዲህኛው ጫፍ የኛ ነው፣ የወዲያኛው ጫፍ የእነሱ። መሃሉ የማንም አልነበረም።

ከድልድዩ ራስጌ የጩኸት ቋጥኝ የሚባል ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። በኛም በኩል አለ፣ በእነሱም በኩል አለ። ሐሳብ ያለው ሰው እዚያ ላይ ወጥቶ ይጮኻል፤ ገደሉ ተቀብሎ ለሁለቱም ማዶ ያደርሳል። ሲጀመር ጥሩ ነገር ነበር ይላሉ። ድሃውም ባለጸጋውም እኩል ይሰማል። እጅ መንሻ አያስፈልግም፣ ገደል ደጅ አያስጠናም። እኔ የደረስኩት ግን ሥርዓቱ ከበዛ በኋላ ነው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። ወደ ቋጥኙ የሚወጣ ሰው በመጀመሪያ የቅል ፊት ያጠልቃል። ግማሽ ቅል ነው፤ ለዓይን ሁለት፣ ለአፍ አንድ ቀዳዳ አለው። ማን እንደተናገረ አይታወቅም። ፊቱን ገልጦ የሚወጣም አይከለከልም፤ እንደ ሞኝ ይታያል እንጂ። ቀጥሎ ቋጥኙ ላይ ከተቦረቦሩት ሁለት የእግር ቦታዎች በአንዱ ላይ ይቆማል። ቀኙ «የኛ ጫፍ ይሻላል» ለሚል ነው፣ ግራው «የእነሱ ጫፍ ይሻላል» ለሚል። ሦስተኛ ቦታ አልተቦረቦረም። ከዚያ ላባ ያዡ የአውራ ዶሮ ላባ ከአፉ ፊት ይይዝለታል። ሐሳብ በአንድ ትንፋሽ ማለቅ አለበት፤ ላባው መወዛወዙን ሲያቆም ሐሳቡም አበቃ ይባላል። ለአንድ ቅል በቀን አንድ ትንፋሽ ነው የሚፈቀደው።

ከታች የቆመው ሕዝብ በአንድ እጁ ነጭ፣ በአንድ እጁ ጥቁር ጠጠር ይዟል። እውነት ነው ያለ ነጩን፣ ውሸት ነው ያለ ጥቁሩን ይወረውራል። ተናጋሪው ሳይጨርስ የወረወረ ንቁ ይባላል። ሰምቶ የወረወረ ዘገምተኛ ይባላል፤ ልጅም አይድሩለትም። የበዛው ክምር ይፈርዳል። ፍርዱ የሚጸናው ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው፤ ጠጠሩ ተጠርጎ በማግስቱ እውነት እንደገና ይጀመራል። አንድ ቀን «በቅሎ ትወልዳለች» ላለ ሰው ነጭ በዛለት። ባለበቅሎዎች ሁሉ እስከ ማታ ገንፎ ሲያገነፉ ዋሉ።

ይህን የሚያስፈጽሙት የቋጥኙ አዛዥ፣ አዛዥ ዘርጋው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሥርዓት ሲጎድል ግን ሆዳቸውን ያማቸዋል። ለማለት ያህል አይደለም፤ የምር ሆዳቸውን ይዘው ይቀመጣሉ።

እኔ ጠጠር ጫኝ ነበርኩ። ጠጠር የሚገኘው ከገደሉ ግርጌ፣ ከወንዙ ዳር ነው። በአንዲት አህያ በቀጭን መንገድ እወርዳለሁ፣ በስልቻ ሞልቼ አወጣለሁ፣ ነጩን ከጥቁሩ እለያለሁ። አመሻሽ ላይ የተወረወረውን ጠርጌ ከቋጥኙ ጀርባ አከማቻለሁ። በአርባ ዓመት አንድም ቀን አልጮህኩም። የጠየቀኝም አልነበረም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ክብደት ግን አውቃለሁ።

አሁን ወደ ትርንጎ ልምጣ።

ትርንጎ ገመድ ገማጅ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቃጫ እየፋቀች፣ ጭኗ ላይ እየገመደች አንዲት ልጇን አሳደገች። ልጅቱ ደብሪቱ ትባላለች። ለወዲያ ማዶው ለአባ ጫኔ ልጅ ታጭታለች። አባ ጫኔ በሲራራ ንግድ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እዚያ ማዶ ሲያስነጥሱ እዚህ «ይማርዎ» እንላለን።

ለሠርጉ ዘጠኝ ቀን ሲቀር ትርንጎ የጭነት ገመድ ለአባ ጫኔ ልታደርስ ድልድዩን ተሻገረች። ስትመለስ መሃሉ ላይ ቆመች። ያስቆማት እጇ ነው፤ ገመድ የለመደ እጅ ገመድ ሲታመም ያውቃል። ወስፌዋን አውጥታ ወጋ አደረገችው። እስከ እጀታው ገባ። ቀና ብላ ብታይ ከላይ ፏፏቴው ይወርዳል፤ ጉሙ በነፋስ እየተነዳ ክረምት ከበጋ መሃሉን ያርሰዋል። ሁለቱ ጫፎች ፀሐይ ላይ ናቸው፣ ደህና ናቸው። የበሰበሰው መሃሉ ነው፤ ያ የማንም ያልሆነው።

ብቻውን ለሚሻገር ሰው ይችላል። ሠርግ ግን ሌላ ነው። በዚያ አገር ወግ የሙሽራውና የሙሽሪት ወገን ከየማዶው ተነስተው መሃል ድልድይ ላይ ይገናኛሉ፤ ሃያ ከዚህ፣ ሃያ ከዚያ። ከበሮ ይመታል፣ ሙሽሮቹ መሃል ይቆማሉ፣ አርባው ሰው ባንድ ላይ ሦስት ጊዜ በእግሩ ይረግጣል። ይህ ካልሆነ ጋብቻው ጋብቻ አይባልም። 

መላም ነበራት። ድልድዩ ከጉሙ ሸሽቶ ሃያ እርምጃ ዝቅ ብሎ ይሠራ፤ አዲስ ገመድ ይገመድ፤ ሁለቱም ማዶ በአንድ ጊዜ ጫፍ ጫፉን ይዞ ይወጥር፤ እስከዚያ ሠርጉ በድልድዩ ላይ አይሁን። በደንብ የታሰበ ነገር ነው። ችግሩ ከአንድ ትንፋሽ ይበልጣል።

አዛዥ ዘርጋው ዘንድ ሄዳ ሁለት ትንፋሽ እንዲፈቅዱላት ለመነች። እሳቸውም በአዘኔታ አዩዋት።

«ልጄ፣ በአያቴ ዘመን ለአንድ ሰው ሁለት ትንፋሽ ተፈቅዶለት ያውቃል» አሏት። «አገሩ ሊስማማ ምንም አልቀረውም ነበር። በስንት መከራ ነው የተረፍነው።»

በማግስቱ በአንዷ ትንፋሽ ለመሞከር ቋጥኙ ላይ ወጣች። ቅል አላጠለቀችም። የት እንደምትቆም ሲጠይቋት ነገሬ የመሃሉ ነው ብላ አንዱን እግሯን ቀኝ፣ አንዱን ግራ አደረገች። አዛዡ ሆዳቸውን ያዙ። ላባው ቀረበ። ትርንጎ የድልድዩ ገመድ መሃሉ በስብሷል፣ ምክንያቱም ብላ ጀመረች።

እዚያ አገር ሰው «ምክንያቱም» ሲል ሕዝቡ ይስላል። ረጅም ነገር ሊመጣ ነው ማለት ነው። ሕዝቡ ሳለ፣ ሳሉን ስትጠብቅ ትንፋሿ አለቀ፣ ላባው ቆመ። ጥቁር ጠጠር ዘነበባት።

ወዲያው አንድ ባለቅል ዘሎ ወጣ። «ገመድ ገማጅ ገመድ በሰበሰ ካላለች ምን ልትበላ ነው? ድልድያችን ብረት ነው» አለ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ነጭ ጠጠር እንደ በረዶ ወረደለት። እሱ ወርዶ ሌላ ቅል ወጣ፣ ያለው ልክ ነው አለ። ሌላም ወጣ፣ እሱም ያለው ልክ ነው አለ። ስድስት ቅል ተከታትሎ ይህንኑ መሰከረ። ስድስቱም አንድ ዓይነት ሳል ይስላሉ። ስድስቱም በቀኝ እግራቸው ያነክሳሉ።

ሁሉም ያውቃል። አያ ላቀው ነው፤ ሰባት ቅል አለው። ይሁንና ሥርዓቱ «ቅል ሁሉ ሰው ነው» ይላልና ሰባት ሰው ተባለ።

በማግስቱ ጠዋት ትርንጎ አያ ላቀው ቤት ሄደች። እኔ በዚያ በኩል አህያዬን ስነዳ ሰማኋቸው። ሰውዬው አጥሩ ላይ የተንጠለጠለ ቅል እያገላበጠ ያያል።

«አያ ላቀው፣ ሰባታችሁም ደህና አደራችሁ?» አለችው።

ሳቀ። «እግዜር ይመስገን። አንዱን ብቻ ትንሽ ሳል ይዞታል።»

ድልድዩን ሄዶ አይቶት እንደሆነ ጠየቀችው። ብረት ነው ብያለሁ፣ ሦስት መቶ ሰው ነጭ ወርውሮልኛል፣ ሦስት መቶ ሰው ካየልኝ በኋላ እኔ ለምን እግሬን አደክማለሁ አላት። እነሱስ ማን አይቶላቸው ወረወሩ ስትለው፣ እኔ ነኛ አለ።

ትርንጎ ቅሉን ከእጁ ተቀበለችው። «የዓይን ቀዳዳ አለው። የአፍ ቀዳዳ አለው። የጆሮ ግን አላየሁበትም።»

አያ ላቀው መልሶ ወስዶ አገላበጠው። በርግጥም የለውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስሚ ትርንጎ፣ ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ» አላት። «ግን በሰባት አፍ ብረት ነው ብዬ ዛሬ ቃጫ ነው ልበል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ከኛ ሃያ ሠርገኛ አንዱ አንተ ነህ» አለችው። «መሃሉ ላይ ስትረግጥ ከሰባቱ የትኛው ነው የሚወድቀው?»

አያ ላቀው ሳለ። 

ትርንጎ ተስፋ አልቆረጠችም። አንድ ትንፋሽ ካልበቃ በየቀኑ አንዳንድ ትንፋሽ አደርገዋለሁ አለች። ሐሳቧን እንደ ቃጫ ለያየችና በየቀኑ አንድ አንድ ክር ይዛ መውጣት ጀመረች። መቼም ጨዋ ናትና በመጀመሪያው ቀን በትሕትና፣ ልሳሳት እችላለሁ፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ አለች። ሕዝቡ ራሷ አመነች ብሎ በጥቁር ጠጠር አለበሳት። በሁለተኛው ቀን የወዲያ ማዶ ጫፍ ደህና ነው አለች። የኛ ሰዎች ከሃዲ አሏት፤ ገና ሳትዛመድ ለአማቾቿ አደረች ተባለ። በሦስተኛው ቀን የኛም ጫፍ ደህና ነው አለች። ያን ጊዜ ወዲያ ማዶ ተነሳባት፤ ትናንት አመስግናን ዛሬ ዞረች፣ ወላዋይ ናት እያለ ገደሉን ሞላው። በአራተኛው ቀን ገመዱን ያለ ዋጋ እገምዳለሁ አለች። ይሄ የባሰ ሆነ። ያለ ዋጋ የሚሠራ ሰው ምን ደብቋል ተባለ፤ ሦስት ቅል ስለ አያቷ ሲናገር ዋለ። አያቷን ያየ ሰው በሕይወት አልነበረም። በአምስተኛው ቀን ስለ ጉሙ ብትናገር፣ ጉሙን የጠላ አገሩን የጠላ ነው ተባለች።

ክሮቹ አንድ ላይ ቢገመዱ ገመድ ነበሩ። አንድ በአንድ ሲመጡ ግን ማንም በሁለት ጣቱ እየበጠሰ ጣላቸው።

ለሠርጉ ሁለት ቀን ቀረ። ያን ዕለት ትርንጎ ወደ ቋጥኙ አልሄደችም። ቤቷ በር ላይ ቃጫ ይዛ ተቀምጣ ሳለ ደብሪቱ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። 

«እማ፣ መሃል የምቆመው እኔ ነኝ» አለቻት። «እንደ ቋጥኙ አታድርጊው፤ ለኔ ብቻ ንገሪኝ። ይችላል አይችልም?»

ትርንጎ ቃጫውን ጭኗ ላይ አኖረች።  መበስበሱን ታውቃለች። ለአንድ ሰው እንደሚችል ታውቃለች። በስንተኛው ሰው እንደሚበጠስ ግን ወስፌ አይናገርም።

«አላውቅም ልጄ። ለክቼው አላውቅም» አለች።

ይህን በኋላ ራሷ ነገረችኝ። በዚያ ሳምንት ሰው ሳይስልባት የጨረሰችው ነገር ይህ ብቻ ነበር።

በማግስቱ፣ ለሠርጉ አንድ ቀን ሲቀር፣ ቋጥኙ ላይ ወጣች። ሕዝቡ ተዘጋጅቶ ነው የጠበቃት፤ ነጩን ጥሎ በሁለቱም እጁ ጥቁር የያዘም ነበር። አዛዥ ዘርጋው እባክሽ እግርሽን አንድ ቦታ አድርጊ ብለው ለመኗት። ላባው ቀረበ።

«ነገ አርባ ሰው መሃል ላይ ሦስት ጊዜ ሲረግጥ ገመዱ ይችላል ወይ? በምን እናውቃለን? እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

አለችና በዚያው አበቃች። ላባው ገና ይወዛወዝ ነበር።

እጆች ተነሱ። እንደተነሱ ቀሩ። ነጭ ለእውነት ነው፣ ጥቁር ለውሸት ነው። ጥያቄ እውነትም ውሸትም አይደለም። ያ ሁሉ ሕዝብ እጁን ሰቅሎ እንደ ማሽላ ማሳ የወፍ ማስፈራሪያ ቆመ።

አዛዥ ዘርጋው አንዴ ላባውን፣ አንዴ ሰማዩን አዩ። «ይሄ ሐሳብ አይደለም» አሉ።

«አይደለም» አለች ትርንጎ። «የኔን ስትሰሙ ሰነበታችሁ። አሁን የናንተን ነው የምፈልገው።»

«ለጥያቄ የሚወረወር ጠጠር የለንም።»

«እንግዲያው በእጃቸው ይያዙት።»

አዛዡ ሆዳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሥርዓቱ ይህን አይፈቅድም። ግን ደግሞ አይከለክልም፤ የሚጠይቅ ሰው ይመጣል ብሎ የገመተ አልነበረማ።

ከዚያ የሆነው እንዲህ ነው። እጅ ሰቅሎ መቆም ያደክማል። ሰውም የሚያደርገው ሲያጣ አጠገቡ ያለውን አየ። አንዱ፣ አርባ ሰው ስንት ይከብድ ይሆን አለ። ሌላው የኔ ወንድም ብቻውን ሁለት ሰው ነው አለው። አንዲት ሴትዮ ባለፈው ወር መሃሉ ላይ እግሯ ሰጥሞ እንደነበር፣ የኛን ጫፍ ሰደበች እንዳልባል ብላ ዝም እንዳለች ተናገረች። እኔም፣ አለ ከኋላዋ የቆመው። እኔም፣ አለ ሌላ። የሚነጋገሩት በዝግታ ነው፤ ጎን ለጎን የቆመ ሰው ምን ያስጮኸዋል። ቅል ያጠለቁት ብቻ ተቸገሩ። የሚባለው አይሰማቸውም፤ ምን አለች፣ ምን አለ እያሉ ይቅበዘበዛሉ።

በመጨረሻ አንዱ ቅሉን አወለቀ። አያ ላቀው ነው። ላብ በላብ ሆኗል፣ ጆሮው ቀልቷል። ሁሉም እንደ አዲስ እንግዳ አየው።

ከወዲያ ማዶ የአባ ጫኔ ድምፅ መጣ። «እናንተ ሰዎች፣ ልጄም ነው የሚቆምበት። በምን እናውቃለን?»

ሁለቱ ማዶዎች አንድ ዓይነት ነገር ሲጮኹ ያን ቀን ሰማሁ። ከዚያ በፊት አልሰማሁም።

አያ ላቀው ዞር ዞር ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። «አንተ ጠጠር ጫኝ፣ አንድ ሰው በስልቻ ቢመዘን ስንት ይሆናል?»

አርባ ዓመት ነው ይህን የጠበቅሁት። 

«ሁለት ስልቻ አንድ ሰው ነው» አልኩ። ጥቂት አሰብኩና፣ «አንተ ሦስት ነህ» አልኩት።

ሕዝቡ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከቋጥኙ ጀርባ ከመቶ የሚበልጥ ስልቻ ተከምሯል። ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ሙሽሮቹ ከመውጣታቸው በፊት ጠጠሩ ይውጣበት የሚል ነገር ከወዲህም ከወዲያም ተነሳ፤ ማን እንደጀመረው አላውቅም። አዛዥ ዘርጋውም ተነሱ፤ ሥርዓት የሚያወጡለት ነገር አገኙ። ብረት ነው ብለው የመሰከሩት ነጮቹ ብቻ ይጫኑ አሉ። የመሰከረ አይከዳም፣ ጥቁሮቹ ግን ቂም ይዘው ተንኮል ሊሠሩ ይችላሉ። ማንም አልተከራከራቸውም። ነጩም ጥቁሩም ክብደቱ አንድ ነው፤ ይህን ግን የምናውቀው እኔና አህያዬ ብቻ ነበርን።

ስልቻ ተሸክሞ መሃል ላይ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል ሲባል ትርንጎ ሰው አይጫንበትም ብላ እንቢ አለች። የገመደችውን አዲስ ገመድ ጫፍ ወገቧ ላይ አስራ ብቻዋን ተሻገረች። ሌላውን ጫፍ ደብሪቱ ይዛ ቀረች። ትርንጎ የእሷን ጫፍ ለአባ ጫኔ ሰጠች። እኛ ስልቻዎቹን ቁርበት ላይ እያኖርን ቁርበት ከቁርበት እንደ ሲራራ አጋሰስ አስከትለን አሰርን። እነሱ ከዚያ ይስባሉ፣ እኛ ከዚህ እንጭናለን። «ሳቡ» ስንል ይስባሉ። «ቆዩ» ሲሉ እንቆማለን። ሥራ ስለያዝን ማንም ማንንም መስደብ አልቻለም።

አሥር ስልቻ ገባ። ድልድዩ ረገብ አለ፣ ቻለ። አንዳንዱ ትርንጎን ማማት ጀመረ። ሃያ ገባ። አዛዡ ፈገግ አሉ፣ ሆዳቸውን ለቀቁ። ሃያ አምስት ሲሞላ ገመዱ እንደ ሽማግሌ ጉልበት ተንቋቋ። ሠላሳ። አያ ላቀው አጠገቤ ቆሞ በጣቶቹ ሠርገኛ ይቆጥራል፤ እሱ አሥራ አንደኛ ነው። ሠላሳ አንደኛው ሲገባ መሃሉ ለሁለት ሆነ።

ጫፎቹ ንቅንቅ አላሉም። የኛ ጫፍ ከነችካሉ ቆመ፣ የእነሱም ቆመ። የሄደው መሃሉ ነው፤ ያው ወስፌው የገባበት ላይ። ሠላሳ አንድ ስልቻ ማለት አሥራ አምስት ሰው ተኩል ነው። ከበሮው ገና ሳይመታ፣ ማንም ገና ሳይረግጥ ማለት ነው።

ስልቻዎቹ እየተቀደዱ ወረዱ፤ ጠጠሩ ገደሉን ሞልቶ ነጭ ዝናብ ሆነ። ይሄን ያህል ዘመን አንድ በአንድ ያወጣሁት ጠጠር ባንድ አፍታ ወንዙ ገባ። አህያዬ እስኪያልቅ አየችና ፊቷን አዞረችብኝ።

 እናት እዚያ ማዶ፣ ልጅ እዚህ ማዶ ቀሩ። ሙሽራው እዚያ፣ ሙሽሪት እዚህ። ድልድይ የለም፤ ነገ ደግሞ ሠርግ ነው። ደብሪቱ ወደኔ መጣች።

«አባባ፣ እርስዎ በየት ነው የሚወርዱት?» አለችኝ።

በአንድ ቀን ሁለተኛ ጥያቄ። በአህያዬ መንገድ አልኳት።

በማግስቱ አገሩ ሁሉ ወረደ። አህያዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላዋ፣ ሙሽሪት ከኔ ኋላ፣ ከበሮው ከሙሽሪት ኋላ። አዛዥ ዘርጋው ላባ ያዡን አስከትለው ነበር፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ላባ ያዡ ላባውን ጣለና ድንጋዩን በሁለት እጁ ያዘ። እነ አባ ጫኔም በፍየል መንገዳቸው ወረዱ። ብዙው ሰው የገደሉን ግርጌ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

ከግርጌ ወንዙ ይጮኻል። ከወንዝ የሚበልጥ ጉሮሮ የለም፤ እንኳን እኛ አባ ጫኔም አልቻሉትም። ሊሰማ የፈለገ መጠጋት አለበት። ስለዚህ ተጠጋን። ትርንጎ ልጇን አገኘቻትና አቅፋ ያዘቻት። ሙሽሮቹ ነጭና ጥቁር የተደባለቀበት ጠጠር ላይ ቆሙ። አርባው ሦስት ጊዜ ረገጠ። መሬት ቻለች።

ምሳ ከተበላ በኋላ ትርንጎ ነገሯን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች፤ ስለ ጉሙ፣ ስለ ሃያ እርምጃው፣ ሁለቱም ማዶ ባንድ ጊዜ ስለሚወጥረው ገመድ። «ምክንያቱም» የሚለውን ስድስት ጊዜ አለችው። የሳለ አያ ላቀው ብቻ ነው፤ እሱም የምር ስለያዘው። አባ ጫኔ አልተስማሙም። ጉሙ በክረምት ከሃያ እርምጃ አልፎ እንደሚሄድ በሲራራ ሲመላለሱ ብዙ ጊዜ አይተዋል፤ ሠላሳ ይሁን አሉ። ትርንጎ አሰበችና የእርስዎ ይሻላል፣ ሠላሳ ይሁን አለች። ሰው ሁሉ ጠጠር የሚወረወርባት መስሎት ዞር ዞር ብሎ አየ። ጠጠሩ ሁሉ ከእግራችን በታች ነበር፤ ማንም አላጎነበሰም።

አሁን ድልድዩ ከጉሙ ሠላሳ እርምጃ ዝቅ ብሎ ቆሟል። መሃሉን የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ተሹመዋል፣ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ፤ ቀኑን ሙሉ ሲከራከሩ ይውላሉ፣ ግን ወስፌ ይዘው ነው። የጩኸት ቋጥኙም አለ። ሰው መጮህ ተወ ብዬ አልዋሻችሁም። አዛዥ ዘርጋው ግን በቀኝና በግራው መካከል ለጠያቂ የሚሆን ሦስተኛ የእግር ቦታ አስቦርቡረዋል። ሰው ብዙ እንዳይቆምበት ብለው ትንሽ አጠበቡት። ሆዳቸውን ተሽሏቸዋል።

አያ ላቀው ስድስቱን ቅል ለጎረቤት የውሃ መቅጃ ብሎ አደለ። አንዱን ለክፉ ቀን ብሎ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። ቤቱ ገብቼ አይቼዋለሁ፤ ከግራና ከቀኙ ሁለት ቀዳዳ በስቶበታል።

እኔም አህያዬም አርጅተናል። ጠጠር የሚፈልግ ቀንሷል፤ ሰው አንዷን ጠጠር ይዞ ብዙ መቆየት ጀምሯል። አንዳንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁመው፣ አባባ ይሄ ስንት ይከብዳል ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ።

የማውቀውን ነገርኳችሁ። ልሳሳት እችላለሁ። ጠጠራችሁን ለጊዜው በእጃችሁ ያዙትና እስቲ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁት።